ያገለገለ ምላጭ ቤት ውስጥ ለመሳል፦ ድንጋይ ይሻላል ወይስ ፊልም?

ምላጭ ስል ያቺን በወረቀት ተጠቅልላ ሱቅ የምትሸጠውን ስስ ምላጭ ማለቴ አይደለም። እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን፣ ድሮ ፀጉር ቤት የምናየውን ረጅሙን ምላጭ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ፀጉር ቤት ሲወስደኝ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር የሚተከለው። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ጎን በተንጠለጠለው ቆዳ ላይ ምላጩን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። የስለት ከተማ የምትባለው ዞሊንገን ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከወጣሁ አያቶች የተላጩባቸው ምላጮች ከማንኪያና ከሹካ ጋር ተደባልቀው አገኛለሁ። ብዙዎቹ ደንዝዘዋል። ብረታቸው ግን አሁንም ድንቅ ነው። የሚያስፈልጋቸው መሳል ብቻ ነው። ጥያቄው በምን የሚለው ነው፦ በድንጋይ ወይስ በፊልም፣ ማለትም ማለስለሻ በተቀባ የፕላስቲክ ወረቀት? እኔ ለመልሱ ብዙ ገንዘብ አባክኛለሁ። እናንተ እንዳታባክኑ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ጢማችንም አንድ ነገር ልበል። የብዙዎቻችን ፀጉር ጥቅልል ነው። ሦስትና አራት ስለት የተደረደረባቸው የፕላስቲክ መላጫዎች ፀጉሩን ስበው ከቆዳ በታች ይቆርጡታል። ያ ፀጉር ሲያድግ ታጥፎ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ባለ አንድ ስለት ምላጭ እኔን በጣም ረድቶኛል። ስል ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። የደነዘ ምላጭ ከፕላስቲኩም የባሰ ያቆስላል።

መጀመሪያ ምላጩን እዩት

የትኛውም ድንጋይ የማያድነው ምላጭ አለ። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሩና ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ዝገት ጠቃጥቆት ጉድጓድ ከሠራ ተዉት። ዝገቱ ጀርባው ላይ ወይም መሐሉ ላይ ቢሆን ግድ የለም፤ መልክ ብቻ ነው የሚያበላሸው። ስንጥቅ ካለው ተዉት። በትንሹ የተሸረፈ ይስተካከላል። ሽራፊው ከአንድ ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ለጀማሪ ሥራው አያልቅም።

ሌላው ነገር ቀጥ ማለቱ ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ምላጩን በጥንቃቄ መስታወቱ ላይ አስተኛዋለሁ። ጀርባውና ስለቱ እኩል ካረፉ ጥሩ ነው። ወዲያና ወዲህ ከተንገዳገደ ጠማማ ነው፤ ሲሳልም ያስለቅሳችኋል። ጀርባው በአንድ በኩል ሰፊ ሆኖ ከተፋቀ ደግሞ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ተጭኖ ስሎታል ማለት ነው።

አንገቱ ላይ የተቀረጸውን ስም አንብቡ። ዞሊንገን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። የእንግሊዙ ሼፊልድ፣ የፈረንሳዩ ቲየር፣ የስዊድኑ ኤስኪልስቱናም የታወቁ ናቸው። ስፋቱ በኢንች ስምንተኛ ነው የሚለካው። ለመጀመሪያ ጊዜ 5/8 የሚባለው፣ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ለእጅ ይመቻል።

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ እጠቡት። የማን ፊትና ደም እንደነካው አታውቁም። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፍተጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል አርሱት። አትቀቅሉት። እጀታው እንጨት ወይም ቀንድ ከሆነ ይሰነጠቃል። የድሮ ሴሉሎይድ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገብ አታድርሱት። ስለታማ ነገር በጋራ አትጠቀሙ ሲባል ነው ያደግነው። ያ ምክር እዚህም ይሠራል። አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው ነው።

የመሳል ሥራ ሁለት ቦታ ይከፈላል

ዕቃ ከማነጻጸራችን በፊት ይህቺን ብቻ ያዙልኝ። ከስለቱ ግራና ቀኝ እንደ ክር የቀጠነች የምታበራ ተዳፋት አለች። የመሳል ሥራ የመጀመሪያው ክፍል የግራና የቀኙ ተዳፋት ጫፉ ላይ በትክክል እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ይሄ በ1000 ቁጥር ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ የድንጋይ ቁጥር ሲጨምር ይደቅቃል። ሁለተኛው ክፍል ያንን ጫፍ ማለስለስ ነው። ከ4000 በላይ ያሉት ድንጋዮች ሥራ ይሄ ነው።

ሁለቱ ተዳፋቶች ካልተገናኙ የፈለገ ውድ የማለስለሻ ድንጋይ ቢኖራችሁ ምንም አያመጣም። የደነዘውን ጫፍ አሳምሮ ያበራዋል፤ አይላጭም። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ይሄው ነበር። 12000 ቁጥር ድንጋይ በውድ ዋጋ ገዛሁ። ታችኛውን፣ ማለትም ለመጀመሪያው ክፍል የሚሆነውን፣ ደግሞ ርካሽ ይሁን ብዬ ማን እንደሠራው ያልተጻፈበት ድንጋይ አመጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳልኩ። ምላጩ እንደ መስታወት ያበራል፣ ፊቴ ላይ ግን ፀጉር ይነቅላል። በኋላ እርሳስ አውጥቼ ርካሹ ድንጋይ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግቼ ድንጋዩን ፈተግኩት። የዳሩ መስመር ጠፋ፣ የመሐሉ አልተነካም። መሐሉ ሰርጉዶ ነበር። የኔ ምላጭ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ነበር የሚሄደው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ታች ላይ አውጡ። ላይኛው ላይ መቆጠብ ይቻላል።

የወጥ ቤት ሞረድና ቢላዋ እየተጎተተ የሚሳልበት ባለ ጎማ መሳያ እዚህ ቦታ የላቸውም። ኤሌክትሪክ መሳያም እንዲሁ። ብረቱ ግሎ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ወይም ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፤ አይመለስም።

የውሃ ድንጋዮች

በፋብሪካ የሚሠሩት የጃፓን የውሃ ድንጋዮች በጣም የተለመዱት ናቸው። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳው ኪንግ፣ ናኒዋና ሻፕተን ናቸው። የአሜሪካው ኖርተን ደግሞ በአንድ በኩል 4000፣ በሌላው 8000 የሆነ ጥምር ድንጋይ አለው። ለብዙ ጀማሪዎች መነሻ የሆነው እሱ ነው።

ኪንግ 1000/6000 ርካሽ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ግን ቶሎ ይሰረጉዳል። ደጋግማችሁ ካላስተካከላችሁት እኔ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል። ከመሳላችሁ በፊት የ1000ውን በኩል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም አለባችሁ። ሻፕተን ጠንካራ ነው። ውሃ ጠብ አድርጋችሁበት ወዲያው መሳል ትችላላችሁ፤ ለረጅም ጊዜም ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቆያል። ዋጋው ከፍ ይላል። ናኒዋ 12000 ለመጨረሻው ማለስለሻ ደስ የሚል ድንጋይ ነው፤ ምላጩ ላዩ ላይ ሲሄድ ቅቤ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ግን አትዘፍዝፉት።

የድንጋይ ጥቅሙ ዕድሜው ነው። አንድ ጥሩ 1000 ድንጋይ በዓመታት ውስጥ ብዙ ምላጭ ይስላል። ጉዳቱ ደግሞ ሁልጊዜ ማስተካከል ያስፈልገዋል። የአልማዝ ሰሌዳ መግዛት ትችላላችሁ፤ ከ300 እስከ 400 ቁጥር ያለው ይበቃል። እሱ ከተወደደባችሁ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀትና ጠፍጣፋ መስታወት ይሠራል። የእርሳሱ መስመር ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ነው መፈተግ።

ሚስት ወይም እናት የወጥ ቤት ቢላዋ አምጥተው በዚያው ድንጋይ ሳልልኝ ማለታቸው አይቀርም። ሳሉላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ምላጭ ከመንካታችሁ በፊት ድንጋዩን አስተካክሉት።

ፊልም

ፊልም ማለት አንድ ወገኑ ላይ በጣም የደቀቀ ማለስለሻ የተቀባ የፕላስቲክ ወረቀት ነው። ስሪኤም የሚባለው ድርጅት የሚያመርተው ነው የሚታወቀው። ቁጥሩ በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ነው፦ 12፣ 9፣ 5፣ 3፣ 1 እና 0.3። እዚህ ከድንጋዩ በተቃራኒ ቁጥሩ ሲያንስ ይደቅቃል። 12 ማይክሮኑ በግምት ከ1000 ቁጥር ድንጋይ ጋር ይቀራረባል። 1 ማይክሮኑ ከ8000 ያልፋል።

ወፍራም መስታወት ላይ ውሃ ትረጫላችሁ። ፊልሙን ታስተኙና አየሩን በመዳፋችሁ ጠርጋችሁ ታስወጣላችሁ። በቃ፣ ድንጋይ ሆነ። ያውም ጠፍጣፋ ድንጋይ። መስታወቱ ስለማይሰረጉድ የማስተካከል ጣጣ የለም። ለእኔ የፊልም ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ጀማሪ ከሚሳሳትባቸው ነገሮች ግማሹን ያስወግድለታል። ዋጋውም አንዱ ወረቀት ጥቂት ዩሮ ነው።

ጉዳቱ ያልቃል። በተለይ ሻካራዎቹ ቶሎ ነው የሚያልቁት። በጣም የደነዘ ምላጭ በ12 ማይክሮን ብቻ ለማስተካከል ከሞከራችሁ ወረቀት በወረቀት ላይ ትቀይራላችሁ። ሌላው ደግሞ ከሥሩ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የአየር አረፋ ከቀረች ፊልሙ እዚያ ላይ ያብጣል፤ ስለቱ ያንን ሲነካ ይሸረፋል፣ ፊልሙም ይቀደዳል። መስታወቱን ደጋግማችሁ አጽዱ።

የተፈጥሮ ድንጋይ

ቤልጂየም ውስጥ ቪየልሳልም አካባቢ ኮቲኩል የሚባል ቢጫ ድንጋይ ከመሬት ይወጣል። ውስጡ ጋርኔት የሚባሉ ደቃቅ ጠጣር ፍሬዎች አሉ፤ ብረቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ድንጋዩ ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሌላ ድንጋይ ጋር ተለጥፎ ነው የሚሸጠው። በትንሽ ቁራጭ ስትፈትጉት ወተት የመሰለ ጭቃ ያወጣል። ጭቃው ሲወፍር ቶሎ ይቆርጣል። ውሃ እየጨመራችሁ ስታቀጥኑት ያለሰልሳል። አንድ ድንጋይ የሁሉንም ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የሚሰጠው ስለት ፊት ላይ ልዝብ ነው። በጣም እወደዋለሁ።

ለጀማሪ ግን አልመክረውም። እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ጠባይ አለው። ጭቃውን መቼ እንደምታቀጥኑ እጃችሁ እስኪያውቅ ጊዜ ይወስዳል። ምላጩ አልላጭ ሲላችሁ ጥፋቱ የድንጋዩ ይሁን የእጃችሁ አታውቁም። ዋጋውም ቀላል አይደለም።

እዚህ ጀርመን ያላችሁ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ቀጭን፣ አመድማ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ለስላሳ ድንጋይ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የቱሪንጂያ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ድሮ ፀጉር አስተካካዮች ይሳሉበት የነበረ ነው። ጎኑ ላይ ኤሸር የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ካገኛችሁት ደግሞ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ነው።

ለባለሙያ መላክ

ይሄ ሽንፈት አይደለም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ምላጭ እንድትልኩት እመክራለሁ። በትክክል የተሳለ ምላጭ ፊታችሁን ነክቶት የማያውቅ ከሆነ የት መድረስ እንዳለባችሁ በምን ታውቃላችሁ? አንዴ አሳሉት፣ ተላጩበት፣ ስሜቱን ያዙት። ከዚያ ሁለተኛውን ራሳችሁ ሳሉት።

የምትልኩለትን ሰው ግን ጠይቁ። ምላጭ ይስላል ወይስ ቢላዋ? ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ሻጭ "ለመላጨት ዝግጁ" ብሎ የጻፈውንም ወዲያው አትመኑ። እኔ ከኢንተርኔት እንዲህ ተብሎ የተሸጠልኝ ምላጭ የክንዴን ፀጉር እንኳ አልቆረጠም።

ቆዳው

ያለ ቆዳ የትኛውም ምርጫ ሙሉ አይሆንም። ስትሮፕ ይሉታል። ድንጋዩ ወይም ፊልሙ ስሎ ይጨርሳል፤ ቆዳው ጫፉን ያቃናል። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊትም ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይመላለሳል።

ሁለት ዓይነት አለ፦ የሚንጠለጠልና እንጨት ላይ የተለጠፈ። የሚንጠለጠለው የለመደ እጅ ይፈልጋል። ካላወጠራችሁት ይረግባል፣ የረገበ ቆዳ ደግሞ ስለቱን ያጥፈዋል። እንጨት ላይ የተለጠፈው ለጀማሪ ይሻላል። የትኛውንም ብትገዙ ውድ አትግዙ፤ የመጀመሪያውን ቆዳ ሁሉም ሰው ይቆርጠዋል። ወደ ላይ ስትሄዱም ወደ ታች ስትመለሱም ጀርባው ነው የሚቀድመው። ስትገለብጡት በስለቱ በኩል ሳይሆን በጀርባው ላይ አንከባሉት።

አረንጓዴው የክሮም ኦክሳይድ ቅባትና የአልማዝ ቅባት በተለየ ቆዳ ወይም ለስላሳ እንጨት ላይ እንጂ በየቀኑ በምትጠቀሙበት ላይ አይቀቡ። የደከመ ስለት ለማንቃት ጥሩ ናቸው፤ ያልተሳለ ምላጭ ግን አይስሉም። ድንጋይ ሳይገዙ ቅባት ገዝተው የሚያዝኑ ሰዎች አሉና ነው የምናገረው።

ትንንሾቹ ዕቃዎች

ከድንጋይ በፊት ሁለት ነገር ግዙ። አንዱ አጉሊ መነጽር ነው፤ 20 ወይም 30 ጊዜ የሚያጎላ፣ የወርቅ ሠሪዎች ዓይነት። ሌላው ማርከር ነው። ተዳፋቱን በማርከር ቀቡትና ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሂዱት። ቀለሙ እስከ ጫፉ ድረስ ከጠፋ ድንጋዩ ጫፉን እየነካ ነው። ጫፉ ላይ ቀለም ከቀረ ገና ናችሁ። ይህቺ ርካሽ ማርከር ከየትኛውም ውድ ድንጋይ የበለጠ አስተምራኛለች።

ናስትሮም ያዙ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ተራው ጥቁር ናስትሮ። ጀርባው ላይ አንድ ዙር ስትለጥፉበት ብረቱ አይፋቅም። ሲሳሳ ቀይሩት። የስለቱን ዘንበል አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር በናስትሮ ከጀመራችሁ በናስትሮ ጨርሱ። ውርስ የሆነ ወይም ጀርባው የተቀረጸ ምላጭ ከሆነ ሳይለጠፍ አይሳልም፤ በዚህ አልደራደርም።

ስትስሉ ጀርባውና ስለቱ ሁልጊዜ አብረው ድንጋዩ ላይ ናቸው። ስለቱ ነው የሚቀድመው። የእጃችሁን ክብደት እየቀነሳችሁ ሂዱ፤ መጨረሻ ላይ የምላጩ የራሱ ክብደት ብቻ ይቅር። ከ1000ው ሳትነሱ ክንዳችሁን ሞክሩ። ከተረከዙ (ከእጀታው በኩል) እስከ አፍንጫው (እስከ ሌላኛው ዳር) በየቦታው ፀጉር መቁረጥ አለበት። አንድ ቦታ እንኳ እምቢ ካለ ወደ ላይ አትውጡ። ጥሩ ምልክት ልስጣችሁ፦ ስለቱ ሲደርስ ከፊቱ ያለው ውሃ መገፋቱን ይተውና ምላጩ ላይ ይወጣል። ያንን ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል።

እኔ ብሆን

አንድ ምላጭ ብቻ ካላችሁና መቀጠላችሁን ካላወቃችሁ፣ ባለሙያ ይሳልላችሁ፤ እናንተ እንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ ብቻ ግዙ።

ሁለት ሦስት ምላጭ ከገበያ ሰብስባችሁ ከሆነ ምርጫዬ ቅልቅል ነው። ከታች አንድ ጥሩ፣ ጠንካራ 1000 ድንጋይ። ከላይ በመስታወት ላይ 5፣ 3 እና 1 ማይክሮን ፊልም። ከባዱን ሥራ የማያልቀው ድንጋይ ይሠራዋል፤ ቀላሉን ሥራ የማይሰረጉደው ፊልም ይጨርሰዋል። ከሙሉ ድንጋይ ይረክሳል፣ ከሙሉ ፊልም ይበረክታል። ከብዙ ወራት ልፋት በኋላ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። ለጓደኞቼም የማስገዛው ይሄንኑ ነው።

ምላጩ ከአሥር ካለፈ ፊልም መቀየር ይሰለቻል። ያኔ 5000፣ ከዚያ 8000 ወይም 12000 ድንጋይ ጨምሩ። ኮቲኩልን የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ምላጮች በእጃችሁ በደንብ ከላጩ በኋላ ግዙት።

አዲስ አበባ ላላችሁም ይሄ ቅልቅል ይመቻል። ድንጋይ ለመንገደኛ ማስያዝ ከባድ ነው፤ ኪሎ ይበላል። ፊልም ግን መጽሐፍ መሐል ይገባል። አንድ 1000 ድንጋይና አንድ ፖስታ ፊልም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ብታስይዙ ቅር አይለውም። ምላጭም የሚያመጣላችሁ ከሆነ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፤ በእጅ ከያዘው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቀማል። መስታወቱን እዚያው መስታወት ቤት አስቆርጡ፦ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 8 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ። ስትረከቡ ሁለት ቁራጭ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ወደ ብርሃን እዩ። በመሐላቸው ብርሃን ካልገባ ውሰዱት።